ብረት በኤፖክሲ ስናጣብቅ፦ ሙቀቱ ነው ነገሩ

ሰላም ሰላም! ዛሬ ሁለት ላሜራ እናጣብቃለን። በባለ ሁለት ቱቦው ኤፖክሲ፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ግን፦ ኤፖክሲ አይደርቅም። ቀለም ይደርቃል፣ ልብስ ይደርቃል። ኤፖክሲ በሁለቱ ቱቦ ያሉት፣ ሙጫውና ማጠንከሪያው (ሃርደነሩ)፣ ተዋህደው ነው የሚጠነክረው። ሊጥ አስቡ። ድሬዳዋ ላይ ሊጥ ባንድ ቀን ኩፍ ይላል። አዲስ አበባ፣ ያውም በሐምሌ? ሦስተኛው ቀን ላይም "ገና ነው" ትባላላችሁ። ያው ዱቄት፣ ያው እርሾ፤ የተለየው ሙቀቱ ነው። ኤፖክሲም እንደዚያው፦ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። 20 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት የፈለገው፣ 10 ዲግሪ ላይ ወደ 48 ይጠጋል። ከ5 በታች ብዙው ዓይነት ይተኛል። (ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ሊጡ እስኪቦካ አድርጉ።)

አሁን ያቺ አስተያየት፦ "ሃርደነር ጨምርበት፣ ቶሎ ይይዛል።" ኧረ በፍጹም! ይቺ ከመኪና ስቱኮ የመጣች ልማድ ናት። የስቱኮ ሃርደነር አስጀማሪ ነው፤ ለ100 ግራም 2 ግራም ገደማ፣ ሲበርድ ትንሽ ብትጨምሩም ያስኬዳል። የኤፖክሲው ግን እርሾ አይደለም፣ ራሱ ዱቄት ነው! (ምሳሌዬ እዚህ ላይ አንክሳለች፣ እሺ።) የተረፈው ሃርደነር የሚይዘው አጥቶ ውስጥ ይቀራል፤ ማጣበቂያውን ያልፈሰፍሰዋል። 2 ለ 1 ከተባለ 2 ለ 1 ነው። በክብደት ነው በይዘት? አንብቡ፣ አንድ አይደሉም። ከቸኮላችሁ ሙቀት ጨምሩ።

ወደ ሥራው፣ ቶሎ ቶሎ፦ አሴቶን፣ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና አሴቶን። ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከተንከባለለ ቅባት አለ፣ ከተዘረጋ ጸድቷል። አድርቁና ዝገት ሳይነሳው ለጥፉ። ጠዋት ላይ ብረቱ ካላበው ደግሞ አትንኩት። ሞርሳውን አትጨክኑበት፤ ማጣበቂያው ተጨምቆ ያልቃል፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት መሃል ላይ ይቅር።

ደህና ኤፖክሲ በካሬ ሚሊሜትር 20 ኒውተን ይሸከማል። 25 በ12.5 ሚሊሜትር ከተደራረበ ወደ 640 ኪሎ ነው! ግን ይህ 20 ዲግሪ ላይ ነው። በክፍል ሙቀት ብቻ የጠነከረው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ላሜራ ደግሞ እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ፦ አንድ ቀን በክፍል ሙቀት አሳድሩት፣ ከዚያ 70 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት። ሳይረጋ ወደ 70 ካሞቃችሁት ግን እንደ ዘይት ቀጥኖ ከመገጣጠሚያው ይወርዳል። ሞርሳውን የምትፈቱት ብረቱ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል ሲሆን ነው።