ጠንካራ ጥንድ ይዞ ካርታ ስለመጣል

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንግዶች፣ ስለ ዕድል ስሌት ለመነጋገር በዚህ በጅማ የተሰበሰባችሁ ወጣቶች፤

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ጠባብ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የኦንላይን ፖከር ጨዋታ ሁለት አስ፣ ሁለት ንጉሥ ወይም ሁለት ንግሥት የደረሰው ሰው፣ ተጋጣሚው ገንዘብ እየጨመረ ሲገፋው ካርታውን መጣል፣ ማለትም ያስያዘውን ትቶ ከዙሩ መውጣት ያለበት መቼ ነው? ገንዘብ እንድታስይዙ ልገፋፋችሁ አልመጣሁም። ጥያቄውን የመረጥኩት ግማሹ ነገር ተሸፍኖ ሳለ መወሰን ምን እንደሚመስል እንዲህ በቁጥር የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ ልግለጽ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የተሸፈኑ ካርታዎች ይደርሱታል። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ፍሎፕ የሚባሉ ሦስት፣ ቀጥሎ ተርን የሚባል አንድ፣ በመጨረሻም ሪቨር የሚባል አንድ ካርታ ለሁሉም በጋራ ይገለጣል፤ በየመሃሉም ገንዘብ ይያዛል። ከ52 ካርታዎች ሁለት ሲታደሉ ሊወጡ የሚችሉት ጥምረቶች 1,326 ሲሆኑ፣ ሁለት አስ የሚሆኑት 6 ብቻ ናቸው፤ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ማለት ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን ያህል የተጠበቀ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ማንም መልሶ መሸኘት አይሆንለትም። እኔም ለረጅም ጊዜ አልሆነልኝም፤ ካጣሁት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ያጣሁት በደካማ ካርታ ሳይሆን በእነዚህ በሚያምሩ ጥንዶች ነው።

ከፍሎፕ በፊት ያለውን እናስቀድም። ሁለት ንጉሥ የያዘ ሰው ሁልጊዜ የሚፈራው ሁለት አስን ነው። ነገር ግን አንድ ተጋጣሚ እነዚያን የመያዝ ዕድሉ 6 ከ1,225 ነው፤ ከ200 ጊዜ አንዴ ገደማ። ተጋጣሚው ደጋግሞ ሲጨምር ዕድሉ ከፍ ይላል፤ እንዲያም ሆኖ እንቁጠር። እንዲህ የሚገፋ ሰው ሁለት አስ፣ ሁለት ንግሥት ወይም አስና ንጉሥ ይዟል ብንል፣ ሁለቱ ነገሥታት በእጃችን ስላሉ ጥምረቶቹ 6፣ 6 እና 8 ይሆናሉ። ከ20ው የሚቀድመን 6ቱ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የብላይንዱን፣ ማለትም ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚያዘውን ገንዘብ፣ መቶ እጥፍ ያህል ይዞ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት ንጉሥን ከፍሎፕ በፊት መጣል ጥንቃቄ ሳይሆን ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ንግሥት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ትልቁ ብላይንድ 1 ብር፣ ትንሹ 50 ሳንቲም ነው እንበል። እኔ 20 ብር አስገብቻለሁ፤ ተጋጣሚዬ 100 ብሩን በሙሉ ኦል ኢን አደረገ። ሁለቱን ብላይንዶች ጨምሮ በመሃል 121 ብር ከ50 ሳንቲም አለ፣ እኔ መጨመር ያለብኝ ደግሞ 80 ብር ነው። እንዲያዋጣኝ ከ40 በመቶ ትንሽ ያነሰ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልገኛል። ተጋጣሚዬ በዚህ መንገድ የሚጫወተው ሁለት አስን፣ ሁለት ንጉሥን ወይም አስና ንጉሥን ይዞ ከሆነ፣ ጥምረቶቹ 6፣ 6 እና 16 ናቸው፤ የእኔም ዕድል ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፣ ልክ ድንበሩ ላይ። ሁለት ጃክም ይዞ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከሆነ ዕድሌ ወደ 47 በመቶ ያድጋል። አስና ንጉሥ ይዞ ግን ፈጽሞ እንዲህ የማይገፋ ቁጥብ ሰው ከሆነ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። ያው ንግሥት፣ ያው ዋጋ፤ መልሱ የሚለዋወጠው በዚያኛው ሰው ጠባይ ነው። በእጄ ያለውን ጥንድ ጥንካሬ ከራሱ ከጥንዱ ላነበው እንደማልችል የገባኝ ይህን ስሌት በወረቀት ስሠራ ነው።

ከፍሎፕ በኋላ ነገሩ ይከብዳል፤ ሰው የሚያልቀውም እዚህ ነው። ሁለት አስ ይዣለሁ፣ አንደኛው የልብ። በፍሎፑ የልብ ዘጠኝ፣ የልብ ስምንትና የአበባ አራት ወጡ። ሁለት ጊዜ አስያዝኩ፣ ተጋጣሚዬ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብሎ ተከተለ። ቀጥለው የመጡት የጦር ሁለትና የዳይመንድ ንጉሥ ማንንም ብዙ አልረዱም። በመሃል 100 ብር ሳለ 50 አስያዝኩ፤ እስካሁን ዝም ያለው ሰው በድንገት 200 ብሩን በሙሉ ገፋው። 150 ከፍዬ 500 ብር የሚሆን ድምር ለመውሰድ 30 በመቶ ዕድል ያስፈልገኛል። የሚያሸንፈኝ ምን አለ? ሦስት ዘጠኝ፣ ሦስት ስምንት ወይም ሦስት አራት የሚሞሉለት ጥንዶች እያንዳንዳቸው በ3 መንገድ፤ በአንድ ዓይነት ምልክት የመጣ፣ ሁለት ጥንድ የሚሞላለት ዘጠኝና ስምንትም በ3 መንገድ፤ በድምሩ 12። እንግዲህ እንድከፍል፣ ተጋጣሚዬ ቢያንስ በ6 ባዶ እጆች፣ ማለትም በማያሸንፉ የካርታ ጥምረቶች፣ የሚያስፈራራ ሰው መሆን አለበት። ባዶ እጅ ከየት ይመጣል? በዋነኛነት አምስት ልብ ለመሙላት ጠብቆ ካልመጣለት ሰው ነው፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ የልብ አስ ያለባቸው ናቸው፣ የልብ አስ ደግሞ ያለው በእኔው እጅ ነው። ያስደሰተኝ ካርታ ተጋጣሚዬ ሊዋሽባቸው ይችል የነበሩትን እጆች ቀንሶብኛል። ሁለት ጊዜ ዝም ብሎ ተከትሎ በሪቨሩ ላይ ሁሉንም የሚገፋ ሰው፣ በተለይ በትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ፣ ስድስት ውሸት አያገኝም። እዚህ ላይ አስ ይጣላል።

በመሃል ያለው ገንዘብስ የእኔ አይደለም ወይ? የምትሉ ትኖራላችሁ። በዚህች ከተማ ጀንፈል ቡና በውድ የገዛ ነጋዴ፣ ገበያው ወርዶ ሳለ «በገዛሁበት ካልሆነ አልሸጥም» ሲል ምን እንደሚደርስበት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ያስገባሁት 50 ብር የሚያገለግለው የቀጣዩን 150 ዋጋ ለማስላት ብቻ ነው።

ኦንላይን መጫወት ይህን ፈተና ያባብሰዋል። የሰው ፊት አይታይም፣ ለውሳኔ የሚሰጠው ጊዜ በሴኮንድ ይቆጠራል፣ እደላውም በጠረጴዛ ዙሪያ ከሚደረገው እጅግ ይፈጥናል። በምትኩ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ የተጫወትነው እጅ ሁሉ ይመዘገባል። እኔ በማግስቱ ቡናዬን ይዤ ያለፈውን ቀን እጆች አንድ በአንድ እመለከታለሁ፤ የምቆጥረውም ያጣሁትን ብር ሳይሆን፣ በወሰንኩበት ሰዓት የነበሩትን ጥምረቶች ነው። በጥር 2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ120,000 እጆች አራት ብርቱ ተጫዋቾችን ገጥሞ ሲያሸንፍ፣ ከስሌቱ ብርታት ሌላ አንድ ጥቅም ነበረው፤ አስ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ስለ መጠበቁ የሚቆጨው ነገር የለም። እኛ ይቆጨናል፤ ስለዚህ ቁጭቱ ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ መለማመድ ይኖርብናል።

አሁን አምስት እጆች የታተሙበት ወረቀት ይታደላችኋል። በአራቱ ላይ የቆረጠ አቋም አለኝ። አምስተኛው ላይ፣ ሁለት ንግሥት ይዤ ተርኑ ላይ የተገፋሁበት ነው፣ ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለት የተለያየ መልስ አግኝቻለሁ። ከእሱ እንጀምር።