ልጄ መጾም ተወ፣ ምን በድዬው ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እናት፣ ከደብረ ማርቆስ፦ «ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ድሮ ለቅዳሴ ሳልቀሰቅሰው ነበር የሚነሳው። ዘንድሮ በሁዳዴ መጥቶ አልጾምም አለ። ስጠይቀው ‹እያሰብኩበት ነው› ይለኛል። ምን በድዬው ነው?»

መልስ፦ እናቴ፣ ራስዎን አይውቀሱ። ልጅዎ ያለዎትን ቃል ልብ ይበሉት፤ «ትቼዋለሁ» አላለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄምስ ማርሻ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣቶችን ሲያጠና ስለ ሃይማኖትም ጠይቋቸው ነበር። አንዳንዱ የወላጁን ሳይመረምር ይይዛል። አንዳንዱ ፍለጋ ላይ ነው። ፈልጎ የራሱን የጨበጠም አለ፤ ጉዳዩ ጨርሶ የማያሳስበውም አለ። ልጅዎ ፍለጋ ላይ ይመስለኛል። ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።

ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ያምናል። የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪው ጆሴፍ ሄንሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ሰው ዋጋ ሲከፍልበት ያየነውን እምነት ለመቀበል እንቀርባለን። ልጅዎ እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው እንጀራ ሲጋግሩ አይቷል። ጾሙን ሳይፈታ የጎረቤቱን ድንበር የሚገፋ ሰውም አይቶ ይሆናል። ይህን ካነሳብዎት አይሸፋፍኑለት። እውነት ነው ይበሉት።

ዘመድ ሰብስበው አያስመክሩት። የንስሐ አባቱንም ሳይነግሩት አይጥሩበት። ሰው ነፃነቱ የተነካ ሲመስለው እልህ ይይዘዋል። ደግሞም ጥያቄ ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ በቅኔ ቤቶቻችን ተማሪ ከመምህሩ ጋር ይሟገታል። ስመ ጥሩዋን የቅኔ ቤት ዋሸራን ጥያቄ አላፈረሳትም።

ወጣት፣ ከፍኖተ ሰላም፦ «ሰንበቴም ማኅበርም አልቀርም። ግን የምሄደው ሰው እንዳይታዘበኝ ነው። አስመሳይ ነኝ?»

መልስ፦ አይደለህም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጎርደን ኦልፖርትና ማይክል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይማኖትን ለሌላ ጥቅም የሚይዝንና ኑሮው ያደረገን ሰው ለይተው አጥንተዋል። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው ሰው መፈለግ ነውር የለውም። ይሉኝታው ብቻ ከቀረህ ግን ለምታምነው ሰው ንገረው። ለብቻ መያዙ ነው የሚያደክመው።

እህት፣ ከሞጣ፦ «አባታችን ከሞተ ወዲህ ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። ሐዘን ነው እምነት?»

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የደነገጠ ልጅ እናቱ ጉያ እንደሚገባ፣ የተጎዳ ሰውም ወደ ፈጣሪው ይጠጋል። ያጽናናዋል፤ ተዪው። እንቅልፍ ካጣ፣ እህል ካስጠላው፣ ሥራውን ከተወ ግን ጸሎቱን ሳታስቆሚ ጤና ጣቢያም ውሰጂው።