ቁልፍ የነከሰው ቀበሮ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ሰፈሬ መቅደስ ላጫውታችሁ ነው።

የምኖረው ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ነው። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት፣ መቅደስ ለቤቴ ቅርብ ነው። ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም፤ ቀያይ በሮች ተደርድረው ተራራውን ሽቅብ ይወጣሉ። ቶሪ ይባላሉ። ሰው የሚጎርፈው እነሱን ለማየት ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የምሄደው ለፎቶ ነበር።

ባለፈው ግን በማለዳ ሄድኩና ትልቁ በር ጋ ካሉት የቀበሮ ሐውልቶች አንዱ ሥር ቆምኩ። አፉን ቀና ብዬ ሳየው ቁልፍ ነክሷል። የምን ቁልፍ መሰላችሁ? የሩዝ ጎተራ ቁልፍ ነው! ግቢው ውስጥ የሩዝ ዛላ የነከሱም አሉ። ኢናሪ የሩዝ አምላክ ነው፤ ቀበሮዎቹ መልእክተኞቹ ናቸው።

እዚያው ቆሜ አያቴ ትዝ አለችኝ። የእሷ ጎተራ ቁልፍ የለውም፤ አፉን በጭቃ መርጋ ነው የምትዘጋው። ጭቃው ሲፈነቀል የሚወጣው የጤፍ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

መቅደሱ የተመሠረተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ711 ነው ይባላል። አፈ ታሪኩም እንዲህ ነው። ሃታ ከሚባለው ጎሳ የሆነ አንድ ሰው እህል ሞልቶ ተረፈው። ታዲያ የሩዝ ቂጣ ዒላማ አድርጎ በቀስት ወጋው። ቂጣው ነጭ ወፍ ሆኖ በረረና ተራራው ላይ አረፈ፤ ያረፈበት ቦታም ሩዝ በቀለ። በኋላ ዘሮቹ የአባታቸውን ጥፋት አምነው ይቅርታ ጠየቁ። አያቴ ይህን ብትሰማ አንድ ቃል ማስረዳት አያስፈልጋትም ነበር። እንጀራ መሬት ሲወድቅባት አንስታ የምትስም ሴት ናት።

ዛሬ በሮቹን የሚያሠሩት በአብዛኛው ነጋዴዎችና ድርጅቶች ናቸው። ስማቸው ከጀርባ በኩል ተጽፏል። እርሻው ግን አልተረሳም። ግቢው ውስጥ ትንሽ የሩዝ ማሳ አለች። ኤፕሪል 12 ዘር ይዘራል። ጁን 10 ችግኙ ጭቃው ውስጥ በእጅ ይተከላል። ኦክቶበር 25 ይታጨዳል፤ ሩዙ ለአምላኩ ይቀርባል። አገዳው እንኳ አይጣልም፤ ኖቬምበር ላይ በእሳቱ በዓል ይነዳል።

እኔን የነካኝ ያ አገዳ ነው። ዘንድሮ አጨዳውን ቆሜ ላይ ነው፤ ስመለስ አወራችኋለሁ። ደህና ሁኑልኝ።