ኃላፊ እያለው የተተወ ፓኬጅ
የሊኑክስ ፓኬጆችን፣ ማለትም ለመጫን የተሰናዱ ሶፍትዌሮችን፣ ለቢሮዎች በሚያቀርበው ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሊቀ መንበሩ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ በማለዳ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ያለ ኪራይ የፈቀዱልን፣ ቡናውንና ዳቦውን ያሰናዱልን ይመስገኑ። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ልትመጡ አስባችሁ መንገዱ የከለከላችሁን ማኅበሩ ያውቃችኋል፤ ዛሬ የምወቅሰው እናንተን አይደለም። የምወቅሰው ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን በወረቀት ስላደሉ እኔ አላበዛም። የሶፍትዌር ማከማቻዎችን ቅጂ ይዞ የሚያድለው ሰርቨር፣ ሚረራችን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቢያንገራግርም ዓመቱን ሲሠራ ከርሟል። የግእዝ ፊደል ፎንቶችና የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መቀየሪያው በማከማቻችን ገብተዋል። ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሰርቨር ሊኑክስ ድጋፍ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም እሱኑ የሙጥኝ ብለው የነበሩ ቢሮዎችን ወደ አልማሊኑክስና ወደ ሮኪ ሊኑክስ አሻግረናል። ሁሉንም ግን አይደለም። ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ ማሻሻያውን በሃርድ ዲስክ ይዘው ከቢሮ ቢሮ የዞሩ ልጆቻችን እዚህ አሉ፤ እስቲ ተነሡ፣ እናጨብጭብላችሁ። እግዜር ይስጥልን፣ ተቀመጡ። የመዋጮውን ነገር ገንዘብ ያዣችን ከሰዓት በኋላ ይነግሯችኋል፤ ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሣኝ ጉዳይ ልግባ።

ለእንግዶቻችን ጥቂት ላስረዳ። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ኮሌጁም ሰርቨሩን የሚያቆምበት ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስና ከእሱ ጋር የሚጣጣሙት አልማና ሮኪ ተወዳጅ የሆኑት ቶሎ ቶሎ ስለማይለዋወጡ ነው። አንዱ ዋና ቅጂ እስከ 10 ዓመት ድረስ የደኅንነት ጥገና ያገኛል። ታዲያ ሬድ ሃት ኩባንያ የሚደግፈው ራሱ መርጦ ያስገባቸውን ፓኬጆች ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ብዙውን ነገር ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኞች ኢፔል በሚባለው ማከማቻ ያቀርባሉ። የኢፔል ዋና ደንብ አንድ ነው፤ ከመሠረታዊው ሲስተም ጋር የመጣውን ፓኬጅ አትተካም፣ ከእሱም ጋር አትጋጭም። እኛም ኢፔል ውስጥ የሌለውን፣ ለአገራችን ቢሮዎች የሚያስፈልገውን በዚያው ደንብ እያሰናዳን እናቀርባለን። እያንዳንዱ ፓኬጅ በአንድ አባል ስም የተመዘገበ ነው፤ ማሻሻያ የሚያጸድቀውም እሱ ብቻ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፓኬጅ ሲመዘገብ ሁሉም ይሽቀዳደማል። ስሙ ይጻፍለታል፣ ለሥራ ሲያመለክትም ይጠቅመዋል፤ አልጠላበትም። ነገር ግን ቢሮዎቹ የሚጠብቁት የ10 ዓመት አገልግሎት ነው፤ ያንን በአንድ ክረምት ወኔ የሚዘልቀው የለም። በዚህ ዓመት ከፓኬጆቻችን በአንዱ ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። ኃላፊው ተጠየቀ፤ ዝም። ተደወለለት፤ «አየዋለሁ» አለ። እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት አባላችን አድራ ጠገነችው፣ በሙከራ ሰርቨር ላይ ፈተሸችው፣ አቀረበችው። የተጠገነው ፓኬጅ አንድ ፊርማ አጥቶ ሲቀመጥ ቀዳዳው ያለበት ደግሞ በየቢሮው መጫኑን ቀጠለ። የራሳችን መተዳደሪያ ደንብ እጃችንን አሰረን ማለት ነው።

ሥራ አስፈጻሚው ደንቡ ይሻሻል አለ። ለዚሁ አስቸኳይ ጉባኤ ጠራን፤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። የቀሩት ግን በቴሌግራም ሌሊቱን ሲከራከሩ አደሩ! ለክርክሩ ጊዜ ያገኘ ሰው ለስብሰባው እንዴት እንዳጣ እስካሁን አልገባኝም።

የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ግን አልንቅም። ትልቁ ክርክራቸው ኤክስዜድ የተባለው ፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ነው። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ለዓመታት በትጋት እያገዘ አመኔታ አተረፈ፤ በኋላም በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቅጂዎች ውስጥ የኋላ በር፣ ማለትም ሰርጎ መግቢያ፣ ሸሸገ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነገሩን ተከታትሎ ባያጋልጠው ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር አስቡት። «ፓኬጅን ከኃላፊው ነጥቃችሁ ለማናውቀው ሰው ልትሰጡ ነው ወይ?» ይሉናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው እናንብበው። ኤክስዜድን ለረጅም ጊዜ የተሸከመው አንድ ሰው ነበር። ደክሞት ነበር፤ መድከሙንም በግልጽ ተናግሯል። ከጎኑ የቆመለት ሲጠፋ፣ ቀርቦ የሚያግዘው ያው አታላዩ ሆነ። ስለዚህ ያ ታሪክ ብቻውን የቀረ ኃላፊ ምን እንደሚገጥመውም ይነግረናል፤ እኛ ጋ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓኬጅ ኃላፊ ብቻውን ነው።

የሰሜን ሸዋ ሰው ስለ ጋራ ንብረት ከውጭ መማር አያስፈልገውም። የመንዝ አባቶች ጓሳን፣ የጋራ የሣር ምድራቸውን፣ ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። ሣሩን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጉታል፣ አለቃ ይመርጣሉ፣ ደንብ የተላለፈውን ይቀጣሉ። ከሣሩ ድርሻ ያለው ሁሉ በጥበቃውም ድርሻ ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩን ሁሉም ያጭደው ጀመር፣ ተው የሚል አለቃ ግን አልነበረም። ኋላ ሕዝቡ ተመካክሮ በአዲስ ደንብ መልሶ ባይጠብቀው ኖሮ ዛሬ ቀይ ቀበሮ ልናይ ጓሳ ባልወጣን። እኛ ድርሻውን ይዘን ጥበቃውን ረስተናል።

ያቀረብነው ማሻሻያም የከበደ ነገር የለውም። ፌዶራ ውስጥ ኃላፊ ያጣ ፓኬጅ በ6 ሳምንት ውስጥ የሚረከበው ካልተገኘ ከማከማቻው ይወጣል። እኛ ያንን 6 ሳምንት ወስደን ለዝምታ አደረግነው። የፓኬጅ ኃላፊ 6 ሳምንት ሙሉ ካልመለሰ ፓኬጁ ወደ ጋራ ቡድን ይተላለፋል። የቡድኑ አባላት በአካል የምንተዋወቅ እንሆናለን፤ ማንኛውም ማሻሻያ በሁለት ሰው ይታያል፣ የፊርማ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀመጥም። የደኅንነት ቀዳዳ ሲሆን 6 ሳምንት አንጠብቅም፤ ሁለቱ ከተስማሙ በዚያው ቀን ይለቀቃል። ኃላፊው ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል፤ የሚያባርረው የለም።

አሁን እዚህ ለሌሉት ልናገር፤ ቪዲዮው እንደሚደርሳቸው አውቃለሁ። አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ ያገኘኸው ወንድሜ፣ እሰየው፣ ደስ ብሎናል። የመጀመሪያውን ፓኬጅህን ስታሰናዳ እዚሁ ከተማ አብረን አምሽተናል፤ ስምህን አልጠራም። ጊዜ አጣሁ ማለት ነውር አይደለም። «አልቻልኩም፣ ውሰዱልኝ» ብለህ አንድ መስመር ብትጽፍ ማንም አይቀየምህም። አንቺም እኅቴ፣ ደንቡን ስንጽፍ ከሁላችን በላይ የደከምሽው፣ መቃወምሽን አከብራለሁ፤ ግን መጥተሽ ተቃወሚን እንጂ! ፊት ለፊት ብንከራከር ምናልባት ታሸንፊኝ ነበር።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የሬድ ሃት ሊኑክስ 10ኛ ዋና ቅጂ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣው ከሃስዌል በፊት በነበሩ ፕሮሰሰሮቹ ላይ አይሠራም። በእርዳታ የመጡት የቢሮዎቻችን ሰርቨሮች ስንቶቹ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። አልማሊኑክስ ለአሮጌዎቹ የሚሆን የ10 ቅጂ ለይቶ ማውጣቱ በጀን። ያም ሆኖ ፓኬጆቻችንን ለሁለቱም ዓይነት እንደገና ማሰናዳት አለብን። ዝም ያሉት ኃላፊዎች ፓኬጆች በማን እጅ ይሠሩ?

ስለዚህ የዛሬውን አጀንዳ ቅደም ተከተል ቀይሬዋለሁ። ሪፖርትና ምሳ ከመምጣታቸው በፊት የደንቡ ማሻሻያ ይቀድማል፤ ከምሳ በኋላ ሰው እንደሚሳሳ ካለፈው ዓመት አይተናል። በውክልና ድምፅ ለመስጠት መልእክት የላካችሁ አላችሁ፤ ደንባችን አይፈቅድም፣ አልቀበልም። ጸሐፊያችን፣ መዝገቡን ያምጡልንና ስም ይጥሩ፤ ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱን እንወቅ። በሩ አጠገብ ያላችሁ፣ ውጭ ቡና የሚጠጡትን ጥሯቸው።