ያቺ ድመት የት ሄደች?

የተከበራችሁ የቦሌ አራብሳ ነዋሪዎች፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ይህን ኮሚናል፣ የኮንዶሚኒየማችንን የጋራ ቤት፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ልብስ አጥበንበታል፣ በግ አርደንበታል፣ ለቅሶ ተቀምጠንበታል። ዛሬ ደግሞ አንዷ ክፍል የልጆች ማንበቢያ ሆነች። መደርደሪያውን የሠሩት የሰፈራችን አናጢዎች ናቸው። ምንጣፉን ያመጡት እናቶች ናቸው። ፈጣሪ ይስጥልን።

ኮሚቴው ስለ ንባብ ጥቅም እንድናገር ነበር የጠየቀኝ። የንባብን ጥቅም ባታውቁ ኖሮ በእሑድ ከሰዓት እዚህ አትገኙም ነበር። እኔ ሠዓሊ ነኝ። ስለዚህ ለአንድ የልጆች መጽሐፍ ስለ ሣልኩት ሥዕል ልናገር። በተለይ ስለ ድመቷ።

ወደዚህ ስንገባ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መንገዱ ጭቃ፣ መብራቱ አልፎ አልፎ፣ ውኃው በሳምንት አንዴ ከመጣ ተመስገን ነው። ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ወጥተናል። ከመሀል ከተማ ስንነሣ ድመታችንን ትተን የመጣን አለን። በካርቶን ይዘን የመጣንም አለን። የእኔዋ ግራጫ ናት፣ ጥቁር መስመር ያላት። እንደገባን አልጋ ሥር ተደበቀች፤ ምግብ እንኳ ቢቀርብላት አትወጣም። የወጣችው እንጀራ ተጋግሮ ባለቀ ቀን ነው። ቀስ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ምጣዱን አሸተተች። አክንባሎው ላይ ወጥታ ሙቀቱ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የእሷ ሆነ።

የሣልኩት ይህንን ነው። አንዲት ድመት ከቤተሰቧ ጋር ኮንዶሚኒየም ትገባለች፣ ትፈራለች፣ በመጨረሻ ምጣዱን ታገኛለች። ጽሑፉ ጥቂት ነው፤ የቀረውን ሥዕሉ ይናገራል። ድመቷ እንደፈራች ጽሑፉ የትም ቦታ አይልም። ሥዕሉ ላይ ግን ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፏል። የዓይኗ ብሌን ክብ ሆኖ ሰፍቷል። ጅራቷ ሆዷ ሥር ገብቷል። ደስ ሲላት ጅራቷ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ይህን ሁሉ ያነባል። አዎ፣ ንባብ ነው!

ሥራውን የወሰደው አሳታሚ፣ ስሙን አልጠራም፣ መጀመሪያ «ጀሪካኑን አጥፊልን፣ የድሃ ቤት ያስመስለዋል» አለኝ። ቀጥሎ «ድመቷን ነጭ አድርጊያት፣ ነጭ ነው የሚሸጠው» አለኝ። እንቢ አልኩ። የዓለም የቤት ድመት ሁሉ የዘር ግንዱ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ያቺ የዱር ድመት ግራጫ ቢጤ ናት፤ ፈዘዝ ያለ መስመር አላት፤ ዛሬም በአገራችን ዱር ትኖራለች። የእሷን መልክ ነው «አይሸጥም» ያለኝ!

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ከሥዕሎቼ ግማሹ የለም። በቦታቸው ከኢንተርኔት የተለቃቀሙ ድመቶች ገብተዋል። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቢጫ። አንዷ ደግሞ ግድግዳ ውስጥ እሳት በሚነድበት ሳሎን ተኝታለች፤ ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ምድሩን አልብሶታል። ጽሑፉ ደግሞ አራብሳ ይላል!

በዚያ ሰሞን እኛ ብሎክ ደረጃ ላይ ለልጆች አነበብኩት። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ገጹን ስገልጥ እጇን ጫነችበት። «ቆይ» አለችኝ። ወደ ኋላ መለሰችው፤ ግራጫዋን በጣቷ ነካች። ወደ ፊት ገለጠችው፤ ነጯን ነካች። እንደገና መለሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ያቺ ድመት የት ሄደች?» አለች። መልስ አጣሁ። «ሞተች?» አለች። ሌሎቹ ተነሥተው ከበቡን። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ገጽ በገጽ ይፈልጓት ጀመር። አንዱ «መኪና ገጭቷት ነው» አለ። ሌላው «አይደለም፣ ድሮ ሰፈር ትተዋት መጥተው ነው» አለ። ይህ ልጅ የራሱን ድመት ትቶ የመጣ ነው። ንባቡ እዚያው ቀረ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው ወደ ቤቷ የገባችው።

እንግዲህ ፍረዱ። አሳታሚው ያላየውን፣ አራሚው ያላየውን፣ ማተሚያ ቤቱ ያላየውን ፊደል የማታውቅ ልጅ አየችው። «ልጅ ምን ያውቃል» የሚሉን ግን እነሱ ናቸው! ሥዕልን ማስዋቢያ አድርጎ የሚያይ ሰው የልጅ መጽሐፍ ማሳተም የለበትም! የደራሲን ገጽ ቀዶ የሌላ ሰው ጽሑፍ ቢለጥፉበት ጉድ ይፈላ ነበር። የሠዓሊው ሲቀደድ ለምን ዝም ይባላል? ለምን ስማችን ከሽፋኑ ላይ ይቀራል? «ለአንዲት ድመት ነው ይሄ ሁሉ?» ይሉናል። አዎ፣ ለአንዲት ድመት ነው! ልጅቷ ያለቀሰችላት ድመት ናት!

ወረቀት ውድ ነው፣ ቀለም ውድ ነው ይባላል። እውነት ነው። እንግዲያው በአንድ ቀለም ይታተም። አይቶ በእርሳስ የተሣለ ድመት ከተለቀመ ባለቀለም ድመት ይሻላል። የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ በብዛት 32 ገጽ የሚሆነውም ለወጪ ሲባል ነው፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሁለቱ 32። በዚያ ልክ እንሠራለን። ድመቷን መሀል ላይ መቀየር ግን አንቀበልም።

እኛ በጆሯችን ያደግን ትውልድ ነን። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ሁሉንም በድምፃቸውና በፊታቸው ያሳዩን ነበር። ዛሬ መጽሐፉ ልጁ እጅ ላይ ብቻውን ይገባል። ድምፅም ፊትም የለውም። ያለው ሥዕሉ ነው።

ወላጆች፣ ስታነቡላቸው አትቸኩሉ። ልጁ ወደ ኋላ ልግለጥ ካለ ይግለጥ። መጽሐፍ ስትገዙ ድመቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያቺው መሆኗን እዩ። ካልሆነች መልሱት፤ ለምን እንደመለሳችሁትም ለሻጩ ንገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ታሪኩን ሲወዱ የግቢውን ድመት ሁሉ ሊያቅፉ ይሮጣሉ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ክፍል ከልጆች ጋር ድመት እንሥላለን። የእኔዋን ይዤ እመጣለሁ፤ አይተው ይሥሏት። እርሳሱ ከእኔ። ቢሮ የምትሠሩ፣ በአንድ ፊቱ የታተመበት ወረቀት ካላችሁ አትጣሉት፣ አምጡልን። አመሰግናለሁ።