ግሪፕ፣ ክላች ወይስ ክሊንግ? አጥብቆ መያዝ በእንግሊዝኛ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጥብቆ መያዝ። ሆልድ የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን እንለፈው። እኔ የምወዳቸው ከሱ ቀጥለው የሚመጡትን ነው። ግሪፕ፣ ክላች፣ ክሊንግ፣ ክላስፕ፣ ክሌንች።

መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ሁሉም ጋ «አጥብቆ መያዝ» የሚል ታገኛላችሁ። ታዲያ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል? አይቻልም! ብዙ ተማሪ ልዩነቱ የጉልበት ይመስለዋል። አይደለም። ልዩነቱ ሰውዬው ለምን ያዘ፣ በምኑ ያዘ የሚለው ላይ ነው። ለምን ያዘ? በምኑ ያዘ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙልኝ።

አሁን አብራችሁኝ አውቶቡስ ውስጥ ግቡ። ሞልቷል፣ መቀመጫ የለም፣ ሾፌሩ ይበራል። አንድ ወጣት ቆሞ የላይኛውን ብረት ይዟል። እጁ ጠንክሯል፣ ፊቱ ግን ዘና ብሏል። ይሄ ግሪፕ ነው። ግሪፕ ውስጥ ቁጥጥር አለ። ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ ሲሄድም ግሪፕ አለው ይባላል። ጎማ አይፈራማ!

ከጎኑ አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። ከወጣቱ የበለጠ ጉልበት የላቸውም። ግን ሰግተዋል፤ ይወሰድብኛል ብለዋል። ይሄ ክላች ነው። ሰው ድንገት ደረቱን ሲወጋው እጁን ወዲያው ደረቱ ላይ ጭምድድ ያደርግ የለ? እሱም ክላች ነው። ስጋት ባለበት ክላች አለ።

ወደ ታች ደግሞ እዩ። አንድ ሕፃን እናቱ እግር ላይ ተጠምጥሟል። በእጁ ብቻ አይደለም፤ በክንዱ፣ በደረቱ፣ በጉንጩ ጭምር ነው የያዘው። ሙጭጭ ብሏል! ክሊንግ ማለት ይሄ ነው፤ ሙጭጭ ማለት። ለዚህ ነው እጅ የሌለውም ነገር ክሊንግ የሚያደርገው። የረጠበ ሸሚዝ ገላ ላይ ሲጣበቅ ክሊንግ ነው። ሰው ተስፋው ላይ ሙጭጭ ሲልም ክሊንግ ነው። ከሁሉም የምወደው ቃል ይሄ ነው፣ አልደብቃችሁም።

መቀመጫ ያገኙት አዛውንት ሁለት እጃቸውን አቆላልፈው ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል። ክላስፕ። የሐብል መቆለፊያም ስሙ ክላስፕ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ በሾፌሩ ተናዶ ጥርሱን ነክሷል፣ ቡጢውን ጨብጧል። ክሌንች። እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የሚያዝ ዕቃ የለም፤ ሰውነት ራሱ ላይ ይዘጋል።

እስካሁን ከተመቻችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለሚማር ጓደኛችሁም ላኩለት።

አሁን አስተያየት መስጫው ላይ ደጋግሞ ወደሚመጣ ጥያቄ። «ክላች መያዝ ከሆነ፣ መኪና ላይ ክላች ስንረግጥ ለምን ይለቃል?» በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! ብዙዎቻችሁም «እንግዲያው ክላች መልቀቅ ማለትም ነው» ብላችሁ ደምድማችኋል። አይደለም። ስሙ የተሰጠው ለውስጠኛው ዕቃ ነው። እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ሳታደርጉ፣ በስፕሪንግ ግፊት ዲስኩን አጣብቆ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ያን ጊዜ ነው ክላቹ የያዘው። ስትረግጡት ዲስኩ ይላቀቃል። እግራችሁ የሚያስለቅቅ እንጂ የሚይዝ አይደለም። እኛ ፍሪሲዮን የምንለው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ መፋተግ ማለት ነው። ጣልያኖቹ ዲስኮቹ ሲፋተጉ አይተው ሰየሙት፣ እንግሊዞቹ ሲያያዙ አይተው ሰየሙት። ዕቃው ያው ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ መኪናውም ውስጥ ክላች መያዝ ነው። መያዝ!

ሰዋስው ቶሎ ቶሎ። ግሪፕና ክላች የሚያዘውን ነገር ቀጥታ ያስከትላሉ። ክሊንግ ግን መሃል ላይ «ቱ» ይፈልጋል። ኃላፊ ጊዜው ክላንግ ነው፤ ክሊንግድ የሚባል ነገር የለም። ግራብ የመያዝ መጀመሪያዋ ቅጽበት ነው፣ ላፍ ማድረግ። ግራስፕ እንደኛው ጨበጠ ነው፤ ለእጅም ለሐሳብም ይሆናል። ክላች ላይ «አት» ስትጨምሩ ደግሞ ሰውዬው ለመያዝ እየሞከረ ነው፣ ገና አልያዘም። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል እንል የለ? እንግሊዝኛው ጭድ ያስጨብጠዋል፣ ግሡም ክላች አት ነው። ጭድ ማንንም አያድንምና «አት» የግድ ነው።

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይዛችሁ የምትማሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1852 ዝነኛ የቃላት ስብስቡን ሲያሳትም ቃላቱን በሐሳብ ሰበሰባቸው እንጂ ፍቺ አልሰጣቸውም። ዝርዝር የምትፈልጉትን ቃል ያስታውሳችኋል፤ የቱ የት እንደሚገባ ግን አይነግራችሁም። እኔ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ በፊት ምሳሌ ዓረፍተ ነገር እንድታነቡ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

በመጨረሻ፣ ክሊንጊ። ሙጭጭ የሚል ሰው ማለት ነው። ለሕፃን ብትሉት ማንም አይከፋም። ለፍቅረኛ ግን ወቀሳ ነው፤ «አላፈናፍን አልከኝ» እንደማለት። «አጥብቀህ ትወደኛለህ» ለማለት አስባችሁ ክሊንጊ ብላችሁ እንዳትጽፉለት፣ ያኮርፋችኋል።