የሁዳዴ እንቁላል

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወንድሞቻችንም፤ እንደምን ዋላችሁ።

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ዶሮዎቻችን መጣላቸውን አያቆሙም፤ እንቁላሉን የሚበላ ግን የለም። ግማሹ ደንበጫ ገበያ ወርዶ በርካሽ ይሄዳል፣ ግማሹ እንቅብ ውስጥ ሰንብቶ ይገማል። ዛሬ የመጣሁት የዚህን ጾም እንቁላል ከፊሉን እንድታስታቅፉ ልለምናችሁ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባልን አድገናል። እኛ ዘንድ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ብዙ ችግር የለም። የሐበሻ ዶሮን ማቀፍ ማንም አያስተምራትም፤ 12 እንቁላል ቢሰጧት ስምንት ዘጠኙን ታወጣለች። የሚያንገበግበኝ በእግሩ ከሄደ በኋላ ያለው ነው። በየጓሯችን ከሚፈለፈለው ጫጩት ከግማሽ በላዩ ሁለት ወር ሳይሞላው ያልቃል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት 13 አስታቅፌ 11 ተፈለፈሉልኝ። ደስታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ሁለቱ ውሃ ባስቀመጥኩበት ጎድጓዳ ሳህን ሰጥመው ሞቱ። አራቱን በሦስት ቀን ጭልፊት ወሰዳቸው። ሦስቱን ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ከእናታቸው ጋር ለቅቄያቸው፣ በስብሰው ብርድ ገደላቸው። የቀሩትን ሁለት ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ እናታቸውን ጨምሮ ጨረሳቸው። ያን ጊዜ «ዶሮ አይወጣልኝም» አልኩ። እናንተም ስትሉት እሰማለሁ፤ እባካችሁ አትበሉ። አራቱም ሞት መከላከያ ነበረው፤ እኔ ነበርኩ ያላወቅሁት።

ቀኑን በምናውቀው በጾሙ እሑዶች ልቁጠርላችሁ። በዘወረደ ማግስት ሰኞ የታቀፈች ዶሮ 21 ቀኗ ሲሞላ በመጻጉዕ ማግስት ሰኞ ትፈለፍላለች። በፋሲካ ጫጩቶቹ 34 ቀናቸው ነው፤ ስለዚህ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ ብላችሁ አትጠብቁ። የሚደርሱት ለእንቁጣጣሽ ነው። የሐበሻ አውራ ዶሮ ለሽያጭ እስኪበቃ ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ከመጋቢት እስከ መስከረም ቁጠሩት። የመጋቢት ጫጩት ክረምቱ ሲገባ ላባውን አውጥቶ ይጠብቀዋል። ሐምሌ ላይ የተፈለፈለው ግን ዓይኑን የሚገልጠው ጭቃና ዝናብ ላይ ነው።

ስለ እንቁላሉ ብዙ አልልም። አውራ ካለበት ቤት ይሁን። ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል አታስታቅፉ፤ እነዚያ ዶሮዎች አውራ ሳያዩ የሚጥሉ ስለሆኑ ጫጩት አይወጣውም። ከተጣለ ሳምንት ያላለፈው፣ ቢበዛ አሥር ቀን ያልሞላው ይሁን። እስኪታቀፍ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አቁማችሁ አስቀምጡት። የቆሸሸውን አጥቦ ማስታቀፍም ይቅር። እንቁላል ሲጣል ቀዳዳዎቹን የሚሸፍን ስስ ልባስ አለው፤ ውሃ ያንን ይወስድና ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል።

የታቀፈች ዶሮ ሥራ ይገርመኛል። የሆዷን ላባ ነጭታ ገላዋን ከእንቁላሉ ጋር ታገናኛለች። በማሽን የሚያስፈለፍሉ ሰዎች 37.5 ዲግሪ ሙቀት ለመጠበቅ መብራት ጠፋብን አልጠፋብን ሲሉ ያድራሉ፤ እርሷ ግን ያለመብራት ትጠብቀዋለች። ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ በቀንም በሌሊትም በመንቁሯ ታገላብጠዋለች። ከእኛ የምትፈልገው ጥቂት ነው፦ የጤፍ ጭድ የተነጠፈበት ጨለም ያለ ጥግ፣ ቅንቅን እንዳይበላት ከጭዱ ሥር አመድ፣ በቀን አንዴ ስትነሳ የምትቀምሰው ጥሬና ውሃ።

በሰባተኛው ቀን፣ ማለትም በቅድስት ማግስት፣ ማታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልካችሁ ባትሪ እዩ። ጫጩት የያዘው እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀያይ ሥሮች ይታዩበታል። ጥርት ያለውን አውጡት፤ ሰንብቶ ቢፈነዳ ሌሎቹንም ያበላሻል። በ20ኛውና በ21ኛው ቀን ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ቅርፊቱን ሲሰነጥቅ አይተን አዝነን የምንልጠው ጫጩት ብዙ ጊዜ ይሞትብናል፤ ደሙና አስኳሉ ገና ወደ ሆዱ ተጠቃሎ አልገባም። የገባው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያለምግብ ያቆየዋል፤ እናቲቱ የዘገዩትን ሳትነሳ የምትጠብቀው ይህ ስንቅ ስላለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የእኛ ደጋ ማለዳ ይህን አይሰጠውም። ጤዛው ረግፎ ፀሐይ ሳይሞቅ ከቤት አይውጣ። ውሃው በዝርግ ሳህን ይሁን፣ መሐሉ ላይ ጠጠር ይደርደርበት፤ ጫጩቱ በጠጠሩ መካከል ይጠጣል እንጂ አይገባበትም። ከጭልፊትና ከድመት ለማዳን እናቲቱን ከነልጆቿ ቢያንስ አንድ ወር ትልቅ ቅርጫት ድፉባቸው፣ ወይም በሽቦ አጥሩላቸው። ማታ ደግሞ ሸለመጥማጥ እንዳይገባ በሩን አጥብቁ።

ምግቡ ላይ በጣም እንሳሳታለን። የተከካ በቆሎ በየቤታችን አለ፤ በቆሎ ብቻውን ግን ያጠግባል እንጂ አያሳድግም። የእኛ አገር የኑግ አገር ነው። ዘይት የተጨመቀበትን የኑግ ፋጉሎ አድቅቃችሁ ቀላቅሉበት። ምስጥ ስታገኙ ቆፍራችሁ አብሏቸው፤ ለጫጩት ሥጋው እርሱ ነው።

ከዚህ አልፎ መሄድ የምትፈልጉ የሣር ሣጥን ሥሩ። ዙሪያውን ደረቅ ሣር የተጠቀጠቀበት፣ መሐሉ ክፍት የሆነ የእንጨት ሣጥን ነው። ክዳኑ አየር ያስገባል። መብራትም ፋኖስም አይፈልግም፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው ትንፋሽና ገላ ይሞቃሉ፣ ሣሩ ሙቀቱን ይይዝላቸዋል። ትልቁ ጥቅም ለእናቲቱ ነው። ልጆቿን እየመራች ሁለትና ሦስት ወር ሳትጥል የምትከርመው ዶሮ፣ ጫጩቶቹ ሣጥን ከገቡ በጥቂት ሳምንት ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች። ዶሮዋ ማቀፏን እንድትተው ቁልቁል የምንሰቅላት ወይም ውሃ ውስጥ የምንነክራት ነገርም ይቅር፤ ጭካኔ ነው።

ፈንግልን ለመጨረሻ ያቆየሁት አንድ ቤት ብቻውን የማይችለው እርሱ ስለሆነ ነው። የታመመ ዶሮ አንገቱ ይጠማዘዛል፣ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል፣ በቀናት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱን ለስድስት ዶሮ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ለእናንተ ብቻ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ደግሞ አይቆይም። በየዓመቱ ሳናስከትብ የምንቀረው በዚህ ነው። አንዷ አስከትባ ጎረቤቷ ብትቀርም በሽታው ከመንደሩ አይወጣም። የበዓል ገበያ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ሳይሸጥ ተመልሶ የመጣ ዶሮ ከሌላ ቀበሌ ዶሮ ጋር በአንድ ሸክም ታስሮ ውሎ ነው የሚመጣው። ከገበያ የገባ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ወስነን እንለያይ። በደብረ ዘይት ማግስት ሰኞ ጫጩቶቹ አንድ ሳምንት ይሞላቸዋል፤ በዓይናቸው ጠብታ ይሰጣቸዋል፣ ትልልቆቹም አብረው ይከተባሉ። በኒቆዲሞስ ማግስት ሰኞ፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለጫጩቶቹ ይደገማል። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን እኔ አነጋግራለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ስንት ዶሮ እንዳላችሁ አሁን ከመውጣታችሁ በፊት ማስመዝገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲታወቅ ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። በነዚያ ሁለት ሰኞዎች ማለዳ፣ ባለሙያው እስኪደርስ ድረስ ዶሮዎቻችሁን ከቆጥ አታውርዱ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።